ከሞት መዝገብ ተነስቶ ዘር መቁጠር እንዴት ይቻላል?

አጎቴ ያረፈ ሌሊት የሕይወት ታሪኩን የመጻፉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። አክስቴ ድምጿ በለቅሶ ተዘግቶ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ከአባታቸው ከግራዝማች እከሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እከሊት በ1938 ዓ.ም ተወለዱ…» ጠዋት ወረቀቱ ተባዝቶ ታደለ። ቤተ ክርስቲያን ተነበበ። ሰው አለቀሰ።

በሰልስቱ ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው ወደ ድንኳኑ ጥግ ወሰዱኝ። «ልጄ፣ እናቱ ብለህ የጻፍካት እኮ ያሳደገችው ናት» አሉኝ። «የወለደችውማ ገና ጡት ሳይጥል ነው የሞተችው።»

ያ ወረቀት ዛሬም በየዘመዱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ የልጅ ልጅ ያገኘዋል። በንጹሕ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ያምነዋል። አንዲት ሴት ከነዘሯ ከቤተሰቡ ታሪክ ትወጣለች ማለት ነው። ይህን ማብራሪያ ያስጻፈኝ ያ ወረቀት ነው።

በተለይ ውጭ አገር ያደጉ ልጆች «አያታችን ማን ነበሩ? ከየት መጡ?» ብለው መጠየቅ አብዝተዋል። ብዙዎቻችን መልሳችን «እኛ አገር መዝገብ የለም» ነው። መዝገብማ አለ። በአንድ ቢሮ አልተሰበሰበም እንጂ በየቦታው ተበትኖ አለ። ደግሞም አብዛኛው የተጻፈው ሰው ሲወለድ ሳይሆን ሲሞት ነው።

የሞት መዝገብ ሲባል ምን ማለት ነው?

በጠባቡ ካየነው ወረዳው ወይም ቀበሌው የሚሰጠው የሞት የምስክር ወረቀት ነው። ለዘር ፍለጋ ግን ትርጉሙን ሰፋ ማድረግ ይሻላል። ሰው በመሞቱ ምክንያት የተጻፈ ማንኛውም ነገር የሞት መዝገብ ነው። የእድር ደብተር፣ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ፣ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት የውርስ መዝገብ፣ በጋዜጣ የወጣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

መንግሥት መመዝገብ የጀመረው መቼ ነው?

ሕጉ ከሥራው በጣም ይቀድማል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበትን «የክብር መዝገብ» በዝርዝር ደንግጓል። ነገር ግን እዚያው ሕግ ውስጥ በቁጥር 3361 ላይ፣ ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ ሥራ ላይ አይውልም ተባለ። ያ ቀን ሳይመጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። በመሃሉ በአንዳንድ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ለጠየቀ ሰው ማስረጃ ይሰጡ ነበር። በኋላ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጣ፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል ሕጉ።

ስለዚህ ከ2008 በፊት ለሞተ አያት ወረዳ ሄዶ ሙሉ መዝገብ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ክፍተቱ ምን ያህል እንደነበር አንድ ነገር ያሳያል። በ1993 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤድስ በከተማዋ ስንት ሰው እንደሚገድል ማወቅ ፈለጉ። የሚያዩት መዝገብ ስላልነበረ በየቀብር ቦታው የሚቀበረውን ሰው ማስመዝገብ ጀመሩ። የዋና ከተማው ሞት የሚቆጠረው መቃብር በር ላይ ነበር።

ታዲያ ለምን ከልደት ሳይሆን ከሞት ይጀመራል?

ድሮ ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል፣ ገንፎ ይበላል፣ ክርስትና ይነሳል። የሚጻፍ ነገር ግን እምብዛም የለም። ሞት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። እድር ገንዘብ ስለሚከፍል ደብተሩን ይገልጣል። ወራሽ ስለሚኖር ፍርድ ቤት ይከፈታል። ሕዝብ ስለሚሰበሰብ ታሪክ ይነበባል። ገንዘብና ርስት ያለበት ቦታ ብዕር አይጠፋም።

ሌላው ምክንያት የስማችን አሠራር ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ። ይህን ብዙዎች ለዘር ፍለጋ እንቅፋት ነው ይላሉ። እኔ ግን ትልቅ ስጦታ ነው እላለሁ። አንድ ሙሉ ስም ሦስት ትውልድ ይይዛልና። ለምሳሌ አበበ ተሰማ ወልዴ የሚባል ሰው መዝገብ አገኘን እንበል። ቀጥለን የአባቱን መዝገብ ስናገኝ ተሰማ ወልዴ በየነ ይላል። የአያቱ ላይ ደግሞ ወልዴ በየነ ጎሹ ይላል። እያንዳንዱ ወረቀት ሁለት ስም ከፊተኛው ጋር ይጋራል፣ አንድ አዲስ ስም ይጨምራል። እንደ ሰንሰለት ቀለበት አንዱ ሌላውን ይይዛል። ሁለት ስም መጋራቱ ደግሞ መፈተኛ ነው። አንዱ ስም ብቻ ከገጠመ ምናልባት የሌላ ሰው ተሰማ ነው።

የዚህ ሰንሰለት ጉድለት እናቶችን አለማንሳቱ ነው። እናት በልጇ ስም ውስጥ የለችም። በአገራችን ሴት ስታገባ ስሟን ስለማትቀይር ግን የራሷ መዝገብ ከተገኘ አባቷና አያቷ አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ ፈላጊው የአያቱን ወረቀት እንዳገኘ የአያቱን ሚስት ወረቀት ለብቻው መፈለግ አለበት። ይህን የሚረሳ ሰው ግማሽ ዘሩን ይረሳል።

የትኛው ወረቀት ላይ ምን ይገኛል?

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው የእድሩን ደብተር ነው። እድር አባሉን ብቻ አይመዘግብም። ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች፣ እናትና አባት፣ በአንዳንዱም ወንድምና እህት ሳይቀሩ በስም ይጻፋሉ። ለማን ስንት እንደሚከፈል መተዳደሪያ ደንቡ ስለሚለይ፣ ማን ለማን ምን እንደሆነ በግልጽ መስፈር አለበት። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ትውልድ ተደርድሮ ታያላችሁ። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «አረፉ» ተብሎ ቀኑና የተከፈለው ብር ይጻፋል። ጎረቤት የሚያውቀውን ነገር መዋሸት ስለማይመች መዝገቡ በአብዛኛው ይታመናል። ያም ሆኖ ያሳደገ አጎት «አባት» ተብሎ የተመዘገበበት ቤት ብዙ ነው። ደብተሩ የሚገኘው ከጸሐፊው ወይም ከዳኛው እጅ ነው። የድሮው ደብተር ሲሞላ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። አንዳንዱ እድር ቤት ቆጥ ላይ፣ ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር ተቀምጦ ይገኛል።

ቀጥሎ የሕይወት ታሪክ ነው። ያችን አንድ ገጽ ሁላችንም እናውቃታለን። «ከአባታቸው… ከእናታቸው… በ… አውራጃ፣ በ… ወረዳ፣ ልዩ ስሙ… በተባለ ቦታ ተወለዱ» ትላለች። እናትን በስም የምትጠራ ብቸኛ ወረቀት ልትሆን ትችላለች። ልዩ ስሙ የተባለው ቦታም ሀብት ነው። አውራጃ ቀርቷል፣ ወረዳው ስሙና ድንበሩ ተቀይሯል፣ የመንደሩ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይለወጥም። ያን ስም የያዘ ሰው መንደሩ ድረስ ሄዶ ሽማግሌ መጠየቅ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍትሐትም ሆነ ተዝካር የሚደረገው በክርስትና ስም ነው። በቤት «አልማዝ» የምትባለው አያት እዚያ «ወለተ ማርያም» ናት። «በቀለ» የሚባለው «ገብረ ሚካኤል» ነው። ሁለቱን ስም ካላያያዛችሁ አንድ ሰው ሁለት ይመስላችኋል። የሚያውቀው የነፍስ አባት ነው፣ እሱም ከሌለ ለአርባው ተዝካር የሟቹን የክርስትና ስም ለካህናቱ የሰጠ ዘመድ። በብዙ ደብር መቃብሩ ራሱ ላይቆይ ይችላል። ቦታ ሲጠብ ፉካው ይነሳል፣ ድንጋዩ ይሰበራል። የቤተሰብ መቃብር ያለው ሰው ዛሬ ስልኩን ይዞ ሄዶ ፎቶ ያንሳ። ነገ ላይኖር ይችላል።

ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ብዙ መቃብር ጽሑፍ የለውም፣ እዚያ ስም ፍለጋ መድከም ትርፉ ትንሽ ነው። የውርስ ውሳኔ ግን በጣም ይጠቅማል። በሸሪዓ ውርስ ሲከፈል ሚስት፣ ባል፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ በሕይወት ያሉ እናትና አባት እያንዳንዳቸው የታወቀ ድርሻ አላቸው። ድርሻ ለማስላት ሁሉም በስም መቆጠር አለባቸው። ስለዚህ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ውሳኔ ራሱ ትንሽ የቤተሰብ ሐረግ ነው።

የመደበኛው ፍርድ ቤት የወራሽነት መዝገብም ከዚህ አይተናነስም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ መጀመሪያ ልጆችን ይጠራል። ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ይገባሉ። ልጅ ከሌለ ወላጆች፣ ከዚያ አያቶች ወገን ይኬዳል። ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው የውርስ መዝገብ ስለዚህ እስከ አያት ድረስ ሊያስቆጥር ይችላል። ማንም ልብ የማይለው የልጅ አልባው አጎት መዝገብ አንዳንዴ ከሁሉም የበለጠ ይናገራል። ምስክሮች ቀርበው ቃላቸውን ስለሚሰጡ የእነሱም ስም አለበት። እነሱም ዘመድ ወይም የቅርብ ጎረቤት ናቸው፣ በሕይወት ካሉ የሚጠየቁ።

ጋዜጣንም አትናቁ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም ጀምሮ ይታተማል፣ የሙት ዓመት መታሰቢያና የውርስ ጥሪ ይወጣበት ነበር። የድሮ ቅጂዎቹ በወመዘክር፣ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው፣ ይገኛሉ። ቀኑን ሳታውቁ ከሄዳችሁ ግን ብዙ ቀን ገጽ ስትገልጡ ትውላላችሁ።

ወረቀቱ የሚለውን ሁሉ ልመን?

የነገሩ ዋና ቁም ነገር እዚህ ነው። የሞት ወረቀት ውስጥ ሁለት ዓይነት ምስክር አለ። አንዱ ያየውን ይናገራል፣ ሌላው የሰማውን።

ሰውየው መቼ ሞተ? የት ተቀበረ? ማን ቀበረው? ይህን ያስመዘገበው ሰው በዓይኑ አይቷል። ከሞላ ጎደል ይታመናል። መቼ ተወለደ? እናቱ ማን ትባላለች? የት አደገ? ይህን ግን አስመዝጋቢው ሲወራ ነው የሰማው። ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው ሲወለድ የነበረ ማንም ከጎኑ የለም። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም በአንድ ቀለም፣ በአንድ ማኅተም ስለሚወጡ እኩል እውነት ይመስላሉ። እኩል አይደሉም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ይህን ማን ነገረው?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኔ አክስት አጎቴ ሲወለድ አልነበረችም፣ እሷ የኋለኛ ልጅ ናት። እናቷ የእሱም እናት መስላት ነበር ያደገችው። ዋሸች ማለት አይደለም። የምታውቀውን ተናገረች። አዛውንቱ ግን የዚያን ቤት ለቅሶ በልጅነታቸው ደርሰዋል።

ድሮ በርስት ክርክር ጊዜ የተቆጠረ ዘርም እንዲሁ በጥንቃቄ ይታያል። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት፣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ሰው፣ እየተወለዱ መምጣትን በማስረዳት ስለነበር ሰው ዘሩን በቃሉ ይይዝ ነበር። ይህ መልካም ነገር ነው። መሬት ለማግኘት ሲባል አንዳንዱ ሐረግ የተቀጠለበት ጊዜም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ዘር የመቁጠሩ ትልቁ ምክንያት ቀረ። የቀረን ለጋብቻ እስከ ሰባት ትውልድ መቁጠሩ ነው፣ እሱም በከተማ እየሳሳ ነው።

ዓመተ ምሕረት ባይኖርስ?

«አያቴ መቼ ሞቱ?» ስትሉ «በኅዳር በሽታ» የሚል መልስ ከመጣ ደስ ይበላችሁ። ወሩና ዓመቱ ተሰጥቷችኋል። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም ኅዳር ወር አገሩን ያጠቃው ወረርሽኝ ነው። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚታጠነው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። «በክፉ ቀን» ካሉ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ነው። «ማይጨው ቀሩ» ካሉ መጋቢት 1928 ዓ.ም። «በየካቲት 12» ካሉ 1929 ዓ.ም። «በሰባ ሰባት» ካሉ የ1977ቱ ድርቅ ነው፣ ለሁላችሁም ቅርብ ነው። አንዳንዱ ሽማግሌ «ዘመነ ሉቃስ ነበር» ይላል። ወንጌላውያኑ በአራት ዓመት ስለሚዞሩ እሱም ብቻውን ባይበቃ ከሌላው ጋር ሲዳመር ዓመቱን ያጠራዋል። 1911 ራሱ ዘመነ ሉቃስ ነበር።

ውጭ አገር ለሞተ ዘመድስ?

አሜሪካ የሞት የምስክር ወረቀት የሚሰጠው በየክፍለ ግዛቱ ነው፣ የቅርብ ዘመድ ሊጠይቅ ይችላል። ቅጹ የአባትን ስምና የእናትን ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የተዘጋጀው ለነሱ ባህል ነው፣ ለእኛ ግን በረከት ሆኗል። የእናት ስም ከነአባቷ ይጻፋልና፣ በእናት በኩል ያለ አያት በአንድ መስመር ይገኛል። ወረቀቱ ላይ መረጃውን የሰጠው ሰው ስምና ለሟቹ ምኑ እንደሆነም ይሰፍራል። ያቺን መስመር መጀመሪያ አንብቡ። «ማን ነገረው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያ ነው።

ሟቹ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሲያወጣ የሞላው ቅጽም አለ። የእናትና የአባት ስም ይጠይቃል፣ መልሱን የሰጠው ደግሞ ራሱ ባለቤቱ ነው። ከሞተ በኋላ ቅጂው ከመሥሪያ ቤቱ በክፍያ ይጠየቃል። ልጁ ከነገረው ይልቅ ራሱ የነገረው ይበልጣል።

ሦስት ወጥመዶች ግን አሉ። አንደኛው የልደት ቀን ነው። ጃንዋሪ 1 ተብሎ ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ስላልታወቀ የተሞላ ነው፣ ከቁም ነገር አትቁጠሩት። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሁለት ወረቀት መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ካያችሁ ሰውየው ዕድሜውን ቀንሶ ሳይሆን አንዱ ሳይቀየር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ይደመራል። ሦስተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ኃይሉ በላቲን ፊደል በሦስት በአራት መንገድ ይጻፋል፣ «ላስት ኔም» የሚባለው ቦታም አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም ይገባበታል። በአማርኛውም ቢሆን በሀ፣ በሐና በኀ እየቀያየራችሁ ፈልጉ።

ዓረብ አገር የሞቱ እህቶቻችን ነገር ልብ ይሰብራል። ወረቀቱ የሚሠራው በፓስፖርቱ ስም ነው። በሌላ ስም ወይም በተጨመረ ዕድሜ የሄደች ልጅ በዚያው ስም ትመዘገባለች። ቤተሰብ የፓስፖርቱን ኮፒ ከእውነተኛ ስሟ ጋር በአንድ ፖስታ ቢያስቀምጥ፣ የልጅ ልጆች ሲፈልጓት ያገኟታል።

ከየት ልጀምር?

ከራሳችሁ ቤት። የሕይወት ታሪክ ወረቀቶችን ከየመሳቢያው ሰብስቡ፣ በመጨረሻ ከሞተው ዘመድ ጀምራችሁ ወደኋላ ሂዱ። ከዚያ እድሩ፣ ከዚያ ደብሩ ወይም መስጊዱ፣ ከዚያ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት። ለቅሶ ቤት ስትሄዱም ጆሯችሁን ስጡ። ሽማግሌዎች ዘር የሚቆጥሩት እዚያ ነው። ያገኛችሁትን ስም ስትጽፉ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁ ከጎኑ ጻፉ።

እኔም በሰልስቱ ማታ አንዱን ኮፒ አወጣሁ። የእናቱን ስም በአንድ መስመር ሰረዝኩት፣ እንዲነበብ ግን ተውኩት። ያሳደገችው እሷ ናትና። ከላዩ አዛውንቱ የነገሩኝን ስም ጻፍኩ። ከሥሩ የእሳቸውን ስም፣ መንደራቸውንና ቀኑን አሰፈርኩ። የአባቷን ስምም አዛውንቱን ጠይቄያቸው ነበር። «የሥላሴው ደብር ግቢ ነው ያረፈችው፣ እዚያ ያሉት ቄስ ያውቁ ይሆናል» አሉኝ። ለፋሲካ እሄዳለሁ።